«ከ0.4 እስከ 1.2» የሚለው ቁጥር ይግባኝ ላይ ይቆማል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ከባለቤቴ ጋር ከቆራሌው የምንገዛውን ቢጫ ጀሪካንና የተሰባበረ የለስላሳ ሳጥን ፈጭተን፣ አጥበን፣ ቀላቅለን የመስኖ ቱቦ እናመርታለን። ፓተንት ጠየቅን። የመብት ጥያቄያችን (ጥበቃ የምንፈልግበትን ወሰን የሚናገረው ክፍል) ‹የሁለቱ ቅልቅል ሆኖ ኤም ኤፍ አዩ ከ0.4 እስከ 1.2 የሆነ› ይላል። መርማሪው ውድቅ አደረገብን። አንድ የውጭ ሰነድ ከ0.3 እስከ 2 የሆነ ተመሳሳይ ቅልቅል አሳይቷል አለ። ሌላኛው ሰነድ ቁጥር ባይጽፍም ቅልቅሉ ያው ስለሆነ ቁጥሩም ያው ነው አለ። ይግባኝ ብንል እናሸንፋለን? መጀመሪያስ የት እንሂድ፣ ጠበቃ ጋ ወይስ ላብራቶሪ? አቦ ግራ ገብቶናል።»

እህቴ፣ የላክሽውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ ማመልከቻችሁን፣ የውድቅ ደብዳቤውን፣ ሁለቱን የውጭ ሰነዶችም። አጭሩ መልስ ይኸው። መርማሪው ያነሳውን የመጀመሪያ ምክንያት መርታት ትችላላችሁ። ሁለተኛው በክርክር አይለይም፤ የሚለየው ናሙና ሠርታችሁ ስታስለኩት ነው። አሁን በያዛችሁት ወረቀት ብቻ ይግባኝ ካላችሁ ግን ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። ረዘም አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሌላ አንባቢም ስለሚኖር መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ልናገር። ኤም ኤፍ አይ (ሜልት ፍሎው ኢንዴክስ) የቀለጠ ፕላስቲክ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈስ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ የሚለካበት መሣሪያም ቀላል ነው። የጋለ የብረት ሲሊንደር አለ። የውስጡ ስፋት 9.55 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከታች 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዳይ ይገባል፤ ቀዳዳው 2.095 ሚሊ ሜትር ነው። ጥቂት ግራም ፕላስቲክ ይጨመርበታል፣ ይቀልጣል። ፒስተኑ ላይ ክብደት ይጫናል። በቀዳዳው የሚወጣው ክር በተወሰነ ሰዓት እየተቆረጠ ይመዘናል። በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደሚወጣ ይሰላል። በቃ፣ እሱ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ቅላጩ ወፍራም ነው፤ የፕላስቲኩ የሞለኪውል ሰንሰለቶች ረጃጅም ናቸው ማለት ነው። ትልቅ ሲሆን ቅላጩ ቀጭን፣ ሰንሰለቶቹም አጫጭር ናቸው። ጀሪካን የሚነፋበት ኤች ዲ ፒ ኢ (ጠጣር የፖሊኢትሊን ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ በ2.16 ኪሎ ሲለካ ከ1 በታች ነው። ከማሽኑ ተንጠልጥሎ ሲወርድ እንዳይዘረገፍ ወፍራም መሆን አለበት። የለስላሳ ሳጥን ደግሞ ሞልድ ውስጥ ተገፍቶ ጥግ ጥጉ ድረስ መድረስ ስላለበት ቀጭን ነው፤ 4፣ 8፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የእናንተ ሐሳብ ወፍራሙን በቀጭኑ ማላላት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። አዲሱ ጥሬ ዕቃ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ እየገባ፣ ጀሪካኑ ደግሞ ሳቢያንና መጋላ ሜዳ ላይ ወድቆ እያየን፣ ይሄን ሥራ የሚሠራ ሰው መብቱ እንዲጠበቅለት ከልቤ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ጥብቅ ብሆንብሽ አትቀየሚኝ።

አሁን ወደ መጀመሪያው የውጭ ሰነድ። መርማሪው ያየው «ከ0.3 እስከ 2» የሚለውን ነው። የእናንተ «ከ0.4 እስከ 1.2» ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ የተዋጠ ይመስላል። እንደዚያ ከሆነ ነገሩ አብቅቷል። ግን የሰነዱን ሠንጠረዥ ግርጌ አንብቢ። በጥቃቅን ፊደል «190/5» ተብሎ ተጽፏል። በ190 ዲግሪ፣ በ5 ኪሎ ክብደት የተለካ ማለት ነው። የእናንተ ሠንጠረዥ ግርጌ ላይ ደግሞ «190/2.16» ይላል።

ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የአለካኩ ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ ኤስ ኦ 1133 ለፖሊኢትሊን አንድ ክብደት ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በ2.16 ኪሎ፣ በ5 ኪሎ፣ በ21.6 ኪሎም ይለካል። ቱቦ የሚሠሩ ፋብሪካዎች 5 ኪሎን ይመርጣሉ፤ ዕቃቸው ወፍራም ስለሆነ በ2.16 ኪሎ ጠብ የሚል ነገር አያገኙም። ክብደቱ ሲጨምር ፍሰቱ የሚጨምረው ደግሞ በክብደቱ ልክ አይደለም። ከ2.16 ወደ 5 ኪሎ ስትሄጂ ክብደቱ ከ2 እጥፍ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የኤች ዲ ፒ ኢ ፍሰት ግን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ያድጋል። ምክንያቱም ቅላጩ በተገፋ ቁጥር ይቀጥናል።

እስቲ በ4 እናካፍለው። የውጭው ሰነድ «ከ0.3 እስከ 2» በ2.16 ኪሎ ቢለካ ኖሮ ከ0.08 እስከ 0.5 አካባቢ ይሆን ነበር። የእናንተ የሚጀምረው ከ0.4 ነው። የሚደራረበው ከ0.4 እስከ 0.5 ያለው ቁራጭ ብቻ ነው! መርማሪው «ሙሉ በሙሉ የተዋጠ» ያለው ነገር እንዲህ ጫፉ ላይ የሚነካካ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ነገር ግን ይሄን ስሌት ብቻ ጽፈሽ እንዳታቀርቢ። በ4 ማካፈሌ ግምት ነው። እጥፉ እንደ ፕላስቲኩ ይለያያል፤ ሰንሰለቶቹ ርዝመታቸው የተቀላቀለ ከሆነ ከፍ ይላል፣ ተቀራራቢ ከሆነ ዝቅ ይላል። ተከራካሪው ወገን «በ3 ብናካፍለውስ?» ቢል ምን ትመልሻለሽ? መልሱ መለካት ነው። ከውጭው ሰነድ ምሳሌዎች ውስጥ ለእናንተ የሚቀርበውን አንዱን እንደተጻፈው ሥሪው። ያንኑ ናሙና በ5 ኪሎም በ2.16 ኪሎም አስለኪው። የራሳችሁንም ቅልቅል እንዲሁ በሁለቱም። አራት ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው የሚከራከረው ከእናንተ ጋር ሳይሆን ከሚዛኑ ጋር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የቆዩ የአሜሪካ ሰነዶች ክብደቱን በቁጥር አይጽፉም። በአሜሪካው የአለካክ ደረጃ በኤ ኤስ ቲ ኤም ዲ 1238 የድሮ አጠራር «ኮንዲሽን ኢ» ካለ 190/2.16 ነው። «ኮንዲሽን ኤፍ» ካለ 190/21.6 ነው። «ኮንዲሽን ኤል» ደግሞ የፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ) ነው፣ 230/2.16። ሌላ ሰነድ ቢጠቀስባችሁ እነዚህን ፊደላት ፈልጉ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችሁ ማመልከቻ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። «190/2.16» የሚለው ሠንጠረዡ ግርጌ ላይ አለ። የመብት ጥያቄው ውስጥ ግን የለም። እዚያ የተጻፈው «ኤም ኤፍ አዩ ከ0.4 እስከ 1.2» ብቻ ነው። ዲግሪ የለም፣ ክብደት የለም። ሌላም አለ። የሚለካው የትኛው ነው? ከመፍጫው የወጣው ደረቅ ቅልቅል ነው ወይስ ከቱቦው የተቆረጠው? ፕላስቲክ በኤክስትሩደር (አቅልጦ በሚገፋው ማሽን) ባለፈ ቁጥር ቁጥሩ ይቀየራል። መግለጫችሁ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ናሙናው ከተመረተው ቱቦ ተቆርጦ» ይላል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ታድናችኋለች። መግለጫው ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስላለ ወደ መብት ጥያቄው ማምጣት አዲስ ነገር መጨመር አይደለም። እዚያ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም ነበር።

በዚህ ነገር ትልልቅ ኩባንያዎች ወድቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ዳው ኬሚካል ከካናዳው ኖቫ ኬሚካልስ ጋር የተሟገተው በፖሊኢትሊን ጉዳይ ነው። የዳው ፓተንት ፕላስቲኩ ሲለጠጥ እንዴት እንደሚጠነክር የሚያሳይ አንድ ቁጥር ነበረው። 1.3 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት ይላል። ስሌቱ ውስጥ የቅላጭ ፍሰቱም አለበት፤ ዋናው ግን ከመለጠጥ ግራፉ ላይ የሚወሰደው ተዳፋት ነው። ተዳፋቱ ግራፉ ላይ በየትኛው መንገድ እንደሚለካ ፓተንቱ አልተናገረም። ከአንድ በላይ ዘዴ ነበረ፤ በየዘዴው የሚመጣው ውጤት ይለያያል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የመብት ጥያቄው ግልጽ አይደለም ብሎ ዋጋ አሳጣው። ያውም ቀደም ብሎ በዚያው ሙግት ዳው ረትቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኮፓክሶን በሚባለው መድኃኒት ላይ ቴቫና ሳንዶዝ ሲከራከሩም እንዲሁ ሆነ። «ሞለኪውላዊ ክብደት» ተብሎ ተጽፎ የትኛው አማካይ እንደሆነ ስላልተገለጸ የመብት ጥያቄው ወደቀ።

የአሜሪካ ፍርድ የእኛን ዳኛ አያስገድደውም። ግን ጥያቄው የትም አገር ያው ነው፦ አንድ ሌላ አምራች መልካ ጀብዱ ላይ ቁጭ ብሎ የእናንተን ወረቀት ቢያነብ፣ ሳያውቅ መብታችሁን እየነካ መሆን አለመሆኑን በምን ይለያል? በ2.16 ቢለካው ውጭ፣ በ5 ቢለካው ውስጥ ከሆነ አጥሩ አጥር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ሰነድ እንሂድ። ይሄኛው ከበድ ይላል። ሰነዱ የጀሪካን ፍጭና የሳጥን ፍጭ 70 ለ30 ቀላቅሎ ሠርቷል፤ ኤም ኤፍ አይ አልለካም። መርማሪው «ባትለካውም ባሕርይው እዚያው አለ» ይላል። አነጋገሩ ስህተት አይደለም። ስላልተለካ የለም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቤስት በተባለ አመልካች ጉዳይ ላይ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ መርማሪ መሥሪያ ቤት ናሙና እየሠራ የሚያወዳድርበት አቅም የለውም፤ ስለዚህ ዕቃው አንድ ነው የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ካለ፣ የተለየ መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም አመልካቹ ላይ ነው። መርማሪው ኤክስትሩደር የለውም። እናንተ አላችሁ።

ስለዚህ የዚያን ሰነድ አሠራር እንደተጻፈው ሥሩት። በራሳችሁ መንገድ አታሻሽሉት። እሱ ጀሪካኑን ሳይለይ ከፈጨ ሳትለዩ ፍጩ። ክዳኑን ካላነሳ አታንሱ። ሦስት ጊዜ ለየብቻ ቀላቅሉ፤ አንድ ጊዜ የወጣ ቁጥር ዕድል ነው ይባላል። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላብራቶሪ ይለካው።

ሁለት ነገር ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ ከእናንተ ወሰን ውጭ ከሆነ፣ የመርማሪው ሁለተኛ ምክንያት ፈረሰ። ውስጥ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በዕቃው ላይ የጠየቃችሁት መብት አይተርፍም። ያኔ ይግባኙን ትታችሁ ወደ አሠራሩ ዙሩ። ከመግለጫችሁ እንዳየሁት እናንተ በፀሐይ የነጣውን ጀሪካን ለይታችሁ ታወጣላችሁ፣ ክዳኑን ትጥላላችሁ፣ እያንዳንዱን ጆንያ ለክታችሁ ነው የሳጥኑን መጠን የምትወስኑት። ሰነዱ ይሄን አያደርግም። እኔን ከጠየቅሽኝ የፈጠራችሁ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የድሬ ፀሐይ ስር አንድ ሁለት ዓመት የከረመ ጀሪካን ሰንሰለቶቹ ይቆራረጣሉ። ቅላጩ ይቀጥናል፣ ቱቦው ይሰባበራል። ጥላ ስር የነበረው ጀሪካን በተቃራኒው ነው። ብዙው የጀሪካን ኤች ዲ ፒ ኢ በክሮም ካታሊስት (ሲመረት ሰንሰለቶቹን የሚያያይዝ ማፋጠኛ) የተሠራ ነው፤ ሲሞቅ ሰንሰለቶቹ ጫፍ ለጫፍ እየተያያዙ ቅላጩን ያወፍሩታል። ክዳኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፒፒ ነው፤ ፒፒ በሞቀ ቁጥር ይቆራረጣል፣ ከፖሊኢትሊኑም ጋር በደንብ አይዋሃድም። ሦስቱ በአንድ ጆንያ ሲገቡ ቁጥሩ ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ ይሆናል። እናንተ ይሄን ነው ያስተካከላችሁት።

አሁን ማመልከቻችሁ ውስጥ ተቀብሮ ያገኘሁትን ነገር ልንገርሽ። አንቺም ያስተዋልሽው አልመሰለኝም፤ ደብዳቤውም አላነሳውም። ሠንጠረዣችሁ የጀሪካኑን ፍጭ 0.35፣ የሳጥኑን 8 ይላል። 70 ለ30 ነው። በእኛ ሙያ የቅልቅልን ኤም ኤፍ አይ ለመገመት የሁለቱን ሎጋሪዝም በየድርሻቸው አማካይ እንወስዳለን። የ0.35 ሎጋሪዝም ከዜሮ በታች 0.456 ነው፤ የ8 ደግሞ 0.903። በ0.7 እና በ0.3 አባዝተሽ ስትደምሪ ከዜሮ በታች 0.05 ያህል ይመጣል። ወደ ቁጥር ሲመለስ 0.9 ነው። ማንኛውም የሙያው ሰው የሚጠብቀው 0.9 ነው።

እናንተ የለካችሁት 0.55 ነው።

ይሄ ልዩነት ከተደጋገመ ትልቅ ነገር ነው። «ፈጠራዊ ብቃት የለውም፣ በዘርፉ ላለ ሰው ግልጽ ነው» የሚለው ክርክር የሚቆመው ማንም አስልቶ ይደርስበታል በሚል ነው። ማንም አስልቶ 0.9 ላይ ይደርሳል፤ 0.55 ላይ አይደርስም። ግን ደስ ከማለታችሁ በፊት አንድ ተራ ምክንያት መወገድ አለበት፦ ቆሻሻ። አፈርና ካልሲየም ካርቦኔት ፍሰትን ይቀንሳሉ። ሳጥኑ ውስጥ መሙያ ዱቄት ተጨምሮበት ከሆነ፣ ወይም እጥበቱ ደካማ ከሆነ፣ ቁጥሩ የወረደው በዚያ ነው። ናሙናውን አቃጥሎ የቀረውን አመድ መመዘን በቂ ነው። አመዱ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነና የራሳችሁንም ቅልቅል ሦስት ጊዜ ለየብቻ ሠርታችሁ ልዩነቱ በሦስቱም ባች ከተገኘ፣ ይግባኛችሁ ላይ ፊት የሚቀመጠው ይሄ ገጽ ነው። ከዚህ በፊት ያልተናገራችሁት ውጤት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ሠንጠረዡ ውስጥ ያለ ነው። አሁን የምታደርጉት ማብራራት ብቻ ነው።

ስለ አለካኩ። በመልእክትሽ መጨረሻ «እኛ ጋ መሣሪያው አለ፣ ክሩን የምንመዝነው በወርቅ ሚዛን ነው» ብለሻል። ለዕለት ሥራ ይበቃችኋል። ለይግባኝ አይበቃም። እናሰላው። ኤም ኤፍ አዩ 0.5 የሆነ ፕላስቲክ በ1 ደቂቃ የሚያወጣው 0.05 ግራም ነው። የወርቅ ሚዛኑ የሚያነበው በ0.01 ግራም እየዘለለ ነው። 0.05 ይሁን 0.06 ሚዛኑ አያውቅም፤ አንዷ ዝላይ ብቻ 20 በመቶ ናት። በዚህ ሚዛን 0.4ን ከ0.5 መለየት አይቻልም፤ ክርክሩ ያለው ደግሞ እዚያች ላይ ነው። ሚዛኑ ሚሊ ግራም ማንበብ አለበት። ክሩም በረጅም ጊዜ ልዩነት ይቆረጥ።

ሙቀቱም እንደዚያው። ሲሊንደሩ በ5 ዲግሪ ቢስት የኤች ዲ ፒ ኢ ፍሰት 8 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ድሬ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ መሣሪያው እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። ፕላስቲኩም እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ሲቆይ ይለወጣል። መብራት የተቋረጠበት ልኬት ይጣል፤ እንደገና በአዲስ ናሙና ይጀመር። ከላብራቶሪው የምትጠይቂው ወረቀት ላይ ዲግሪው፣ ክብደቱ፣ ቅድመ ማሞቂያው ስንት ደቂቃ እንደነበር፣ የክሮቹ ክብደት አንድ በአንድ እና የመሣሪያው የካሊብሬሽን ቀን ይኑርበት። አማካዩ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት አትቀበዪ።

ቀጥሎ የወሰኑ ጉዳይ አለ። ለምን 0.4? ለምን 1.2? ማመልከቻችሁ አይናገርም። በፓተንት ዓለም የቆየ አስተሳሰብ አለ፦ አጠቃላይ መንገዱ ከታወቀ፣ በተራ ሙከራ የተሻለውን መጠን ማግኘት ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖቹ አለር በተባለው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1955 ከተሰጠው ፍርድ ጀምሮ ይሄንኑ ይላሉ። ከዚህ መውጫው ወሰኑ ላይ አንድ ነገር እንደሚሰበር ማሳየት ነው። ከወሰኑ ውጭ 0.2 እና 1.6፣ ከውስጥ 0.5፣ 0.8 እና 1.1 የሆኑ ቱቦዎች ሥሩ። ውፍረታቸው አንድ ይሁን። ሁሉንም በውሃ ግፊት ፈትኑ። የቱቦ ደረጃዎች በ80 ዲግሪ ውሃ 165 ሰዓት የሚያስቀምጡት ዝም ብለው አይደለም፤ ፈጥኖ የማይታይ ስንጥቅ የሚወጣው በሙቀትና በጊዜ ነው። የለስላሳ ሳጥን ፕላስቲክ ደካማ ጎኑ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኤም ኤፍ አይ ስለ ስንጥቅ ብቻውን አይናገርም፤ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ አንዱ የሚፈነዳ፣ አንዱ የሚቆይ ሁለት ቱቦ አለ።

ውጤቱ ከ1.2 በላይ ድንገት ካሽቆለቆለ ወሰኑ ምክንያት አገኘ። ቀስ በቀስ ብቻ የሚቀንስ ከሆነ ወሰኑ የዘፈቀደ ነው ይባላል፤ ያኔ በ0.55ቱ ልዩነትና በአሠራሩ ላይ መደገፍ ይሻላል። ሠንጠረዣችሁ ውስጥ 0.55፣ 0.62 እና 0.9 የሆኑ ምሳሌዎች አሉ። የታችኛውን ወሰን ከ0.4 ወደ 0.55 ከፍ ብታደርጉት ከመጀመሪያው የውጭ ሰነድ ጋር ያለው መነካካት የሚጠፋ ይመስለኛል። ጠባብ መብት ይሆናል። የሚቆም ጠባብ መብት ከሚፈርስ ሰፊ መብት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ እናንተ ራሳችሁ የምታመርቱት እዚያው መካከል ላይ ከሆነ።

የመብት ጥያቄውን ማስተካከል የምትፈልጉ ከሆነ ግን ጉዳዩ ገና የአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣኑ ጋ እያለ ጠይቁ። ፍርድ ቤት በተሰጠው ውሳኔ ላይ ነው የሚከራከረው፤ አዲስ የመብት ጥያቄ መጻፊያ ቦታ አይደለም። ደብዳቤው የመጨረሻ ውሳኔ ነው ወይስ መልስ የሚጠበቅበት ማሳወቂያ? የላክሽልኝ ቅጂ ሁለተኛው ገጽ ስለተቆረጠ ይሄንን በመጀመሪያ አጣሪ።

ሌላም በር አለ። የፈጠራ አዋጁ፣ ቁጥር 123/1987፣ ፓተንትን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። አነስተኛ ፈጠራ የሚባል አለ፣ ብዙ ሰው የግልጋሎት ሞዴል የሚለው። አዲስነትና በኢንዱስትሪ ተግባር ላይ መዋል ይጠየቅበታል፤ ፈጠራዊ ብቃት አይጠየቅም። ጥበቃው 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ፓተንት 15 ዓመት ነው፤ አገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለቱቦ ሥራችሁ 10 ዓመት ትንሽ አይደለም። ግን አዲስነት እዚህም ስላለ፣ ቱቦውን መሸጥ የጀመራችሁበትን ቀን ለጠበቃችሁ ሳትሸሽጉ ንገሩ። መጀመሪያ የቆረጣችሁትን ደረሰኝ ፈልጉ። ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጋር ጎን ለጎን ይታይ።

ጠበቃ ወይስ ላብራቶሪ ላልሽው፣ ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ሂዱ፤ ግን ለአንድ ጉዳይ ብቻ። የይግባኙ ቀን መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፍ ይንገራችሁ፣ ቀኑ ከቀረበም አቤቱታውን በጊዜ ያስገባላችሁ። በአእምሯዊ ንብረት የሠራ ይሁን፤ በውልና በመኪና አደጋ የተካነ ጎበዝ ጠበቃ በዚህ ጉዳይ ያለ ቦታው ነው። ክርክሩን መጻፍ ግን አትጀምሩ። ወዲያው ወደ ማሽኑ ተመለሱና የሁለቱን ሰነዶች ቅልቅል ሥሩ። ቁጥሮቹ ሲመጡ ነው ጠበቃው ምን እንደሚጽፍ የሚያውቀው።

ናሙናውን ስትልኩ እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቀኑን፣ የባቹን ቁጥርና ፊርማችሁን አድርጉበት። ከእያንዳንዱ ግማሹ ታሽጎ እናንተ ጋ ይቅር። የላብራቶሪው ወረቀት ሲደርስሽ ላኪልኝ፤ ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን።